ክፉውን ማን እናድርገው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ስላልኩ ግን ቶሎ ገጹን አትግለጡት፤ ጨዋታውን ስናዘጋጅ የመጣብን ጥያቄ ከጨዋታው ይከብዳል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ሰው ከራሱ ፈጥሮ በሚያወራው ታሪክ ውስጥ ክፉውን ማንን ማድረግ ይችላል? ፈጠራ እስከሆነ ድረስ ማንንም ማድረግ ይቻላል? ወይስ በፈጠራም ሰው ይበደላል?

መጀመሪያ ጨዋታውን ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ አወጡ። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዷ መሪ ትሆናለች፤ ዓለሙን የምታወራው እሷ ናት። «ጫካ ደርሳችኋል፣ መሽቷል፣ ድልድዩ ተሰብሯል» ትላለች። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ አንዷ ወታደር፣ አንዷ መድኃኒት አዋቂ፣ አንዷ ሌባ። መሪዋ «ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ ትጠይቃለች። ነገሩ ይሳካል አይሳካም የሚያሰኝ ከሆነ ዳይስ ይጣላል። ገንዘብ አይያዝበትም፤ እንደ ሉዶ አንዷ ቀድማ ገብታ የምታሸንፍበትም አይደለም። አንዱ ታሪክ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚሠራው በአንድ ትልቅ ሴራ ዙሪያ ነው፤ ዓለምን ሊያጠፋ የተነሳ ስውር እጅ አለ፣ ተጫዋቾቹ ጥቂት በጥቂት ይደርሱበታል።

ይሄ ነገር ለእኛ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። እንቆቅልሽ ያልተጫወተች አለች? «እንቆቅልሽ» ስትባል «ምን አውቅልሽ» ትላለች፤ መልሱ ከጠፋት «ሀገር ስጪኝ» ትባላለች። እሷም ጎንደርን ወይም ሐረርን ትሰጣለች። ሀገር የተሰጣት ልጅ እዚያው ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ እዚያ ሀገር ትሄዳለች፤ ምን እንደበላች፣ ማን እንደተቀበላት፣ መልስ ያጣችዋ ደግሞ ምን እንደቀረባት እያሳመረች ታወራለች። ሀገር በአፍ የሚሰጥበት ጨዋታ ተጫውተን ነው ያደግነው። ፈረንጆቹ ዳይስና መጽሐፍ ጨመሩበት እንጂ ሥሩ ያው ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

እኛ አምስት ነን፣ ሁላችንም የምንሠራው ጀበል አሊ አካባቢ ነው። ሦስታችን እሁድ እንወጣለን። አንዷ በወር ሁለት ጊዜ ትወጣለች። አንዷ ምንም አትወጣም፤ እዚህ ሀገር ሕጉ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ቢልም ለእሷ ቤት ገና አልደረሰም። እሷ ልጆቹን አስተኝታ በስልክ በድምፅ ትገባለች። ዳይሱ የሉዶ ነው፣ ካርታው በደብተር ወረቀት ነው። ካርታውን የሳልነው ኢብን ባቱታ ሞል ውስጥ እየዞርን ነው። ሞሉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከሞሮኮ ተነስቶ ብዙ ሀገር በዞረ መንገደኛ ስም የተሰየመ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ አዳራሾቹም አንዳሉሲያ፣ ቱኒዚያ፣ ግብፅ፣ ፋርስ፣ ሕንድ፣ ቻይና ይባላሉ። እኛም ስድስት ሀገር አደረግን፤ መጨረሻ ላይ ባሕርና ትልቅ ወደብ አስቀመጥን። ወደቡን ከየት እንደቀዳነው ለጀበል አሊ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ መርከብ ሲያወርድና ሲጭን የኖረውን ወደብ ነው።

ሴራው ይህ ነው። በዚያ ዓለም ሰዎች ጠዋት ሲነሱ ስማቸው ጠፍቶባቸው ይገኛሉ። መጀመሪያ አንድ ሕፃን፣ ቀጥሎ አንድ መንደር፣ ቀጥሎ አንድ ወንዝ። ስሙ የጠፋበት ወንዝ ወዴት እንደሚፈስ ይጠፋዋል። የፀሐይ ስም ከተወሰደ ፀሐይ አትወጣም። ሐሳቡን ያመጣችው ማዳሟ ስሟ ለምላስ ከብዷት በሌላ ስም የምትጠራት ልጅ ናት። ሁላችንም ወዲያው ገባን። ከዚያ ግን ጥያቄው መጣ፦ ስሙን የሚሰበስበው ማነው?

አንዷ ቶሎ ብላ «ቡዳ እናድርገው» አለች። «ሸክላ ሠሪ ትሁን፣ ቀን ገበያ እንስራ የምትሸጥ፣ ሌሊት ጅብ የምትሆን። ማስረዳት እንኳን አይፈልግም፣ ሁሉም ይፈራል።» እውነቷን ነው፣ ማስረዳት አይፈልግም። ዝም ያለችው ከመሀላችን አንዷ ብቻ ናት። ትንሽ ቆይታ «እናቴ ሸክላ ትሠራለች» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሁለት ዓመት ስንተዋወቅ ይህን ነግራን አታውቅም፤ ለምን እንዳልነገረችን ደግሞ ያን ቀን ሳንጠይቃት ገባን።

እስቲ ይህን ነገር ቀስ ብለን እንየው። «ማስረዳት አይፈልግም» ማለት ምን ማለት ነው? ሥራው ከእኛ በፊት ተሠርቶ አልቋል ማለት ነው። አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው በየሀገሩ ሲታሙ ኖረዋል። ቤተ እስራኤሎች በጎንደርና በሰሜን ለረጅም ዘመን ርስት ተከልክለው ኖሩ፤ መሬት የሌለው ሰው ምን ይሥራ? ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ። ከዚያ ሥራው ራሱ ክስ ሆነበት። እሳት ይነካል፣ ጭቃ ያቦካል፣ ስለዚህ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ማረሻውን ከእሱ ገዝተን እናርሳለን፤ ምጣዱንና ጀበናውን ከእሷ ገዝተን እንጀራ እንጋግራለን፣ ቡና እናፈላለን፤ ማታ ልጆቻችንን ከዓይኗ እንደብቃለን። ዐፄ ምኒልክ እንኳን ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ አለፈ፣ ስድቡ ቀረ።

የዚህ ክስ ማስረጃው ምንድነው? ጅብ ተገድሎ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ያልሰማች የለችም። ጉትቻውን ያየች ግን አላጋጠመችኝም፤ ሁልጊዜ ያየ ሰው የሚያውቅ ሰው ነው የሚያወራው። ደግሞ የታመመ ሰው ጢስ እየታጠነ «ማን በላህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ትኩሳት ይዞት የለፈለፈው ስም ፍርድ ይሆናል። የተጠራችው ሴት «እኔ አይደለሁም» ብትል ምን ይጠቅማታል? ቡዳ መቼ አምኖ ያውቃል ይባላል። ዝም ብትል አመነች ነው። ዓይኗን ብትሰብር ጥፋተኛ ስለሆነች ነው፣ ቀና ብትል ልትበላ ነው። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ መውጫ በር የለውም። እኔ ትልቁ በደል እዚህ ላይ ነው እላለሁ፦ ክሱ ሐሰት መሆኑ ብቻ ሳይሆን ሐሰት መሆኑ የሚታወቅበት መንገድ ሁሉ አስቀድሞ መዘጋቱ።

ሁለተኛዋ ሌላ ሐሳብ አመጣች። «እሺ ቡዳ ይቅር። ከነገሥታቱ ሁሉ በላይ የተቀመጡ፣ ማንም የማያያቸው፣ ጦርነቱንም ረሃቡንም የሚያዙ ጥቂት ሰዎች እናድርጋቸው» አለች። ይሄኛው በየስልካችን በቪዲዮ የሚመጣው ነው፤ የሚያምር ሙዚቃ ከጀርባው አለ። የዚህ ታሪክ አያቱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ሩሲያ ውስጥ የአንድ ጋዜጣ ገጾች ላይ «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የሚባል ጽሑፍ ወጣ። አይሁዶች ተሰብስበው ዓለምን ለመግዛት የተማከሩበት ቃለ ጉባኤ ነው ተባለ። በ1921 የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ጽሑፉ ከየት እንደተገለበጠ አሳየ፤ በ1864 አንድ ፈረንሳዊ በንጉሡ በናፖሊዮን ሦስተኛ ላይ ለመዝለፍ ከጻፈው መጽሐፍ ነበር፣ በዚያ መጽሐፍ ደግሞ ስለ አይሁድ ምንም የለም። ውሸቱ ተገለጠ፤ ግን አልሞተም። ናዚዎች ያንኑ ጽሑፍ ለጥላቻ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ የተከተለውን ዕልቂት ዓለም ያውቀዋል። ስለዚህ «ፈጠራ እኮ ነው» የምትለኝ ካለች፣ ያም ፈጠራ ነበር እላታለሁ።

ሦስተኛዋ «ክፉዋ ማዳም ናት!» ስትል ሁላችንም ሳቅን። እውነት ለመናገር ለአንድ ማታ ይጣፍጣል። በዳይስ ማዳምን ማሸነፍ የማትመኝ ማናት? ነገር ግን ሳስበው ይህም አልዋጥ አለኝ። አንደኛ፣ ማዳም ስውር አይደለችም፤ የምታደርገውን ፊት ለፊት ነው የምታደርገው። ሁለተኛ፣ ማዳምን ጭራቅ ካደረግናት በደሉ ሁሉ ከጭራቅነቷ የመጣ ይሆናል። ያኔ ኮንትራቱ ይረሳል፣ ኤጀንሲው ይረሳል፣ ፓስፖርት በሰው እጅ ማስቀመጥን የለመደው አሠራር ይረሳል። ደግ ማዳም የገጠማት ልጅ ደግሞ «የእኔዋ ጭራቅ አይደለችም» ብላ ስለ መብቷ ማሰብ ታቆማለች። ፓስፖርቷ ግን ያው እሷም ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው።

አሁን እኛን ራሳችንን ወደሚነካው ልምጣ። እህቶቼ፣ እኛም በሰው ታሪክ ውስጥ ክፉዎቹ ነን። ሲህር የሚለውን ቃል በመጣን በሳምንታችን ነው የምንማረው። ልጅ ታመመ፣ ባልና ሚስት ተጣሉ፣ ወርቅ ጠፋ፤ ከቤቱ ውስጥ ባዕድ ማናት? ቋንቋዋ የማይገባ፣ ጸሎቷ የማይታወቅ፣ ሌሊት ብቻዋን የምትነቃ? ሠራተኛዋ ናት። ከመሀላችን የአንዷ ትራስ ሥር አማርኛ የተጻፈበት ወረቀት ተገኝቶ ለሁለት ቀን ማንም ያበሰለችውን አልበላም። ወረቀቱ የዕቁብ ሒሳብ ነበር። ሐበሻ የማያነብ ሰው ፊደላችንን ሲያየው ድግምት ይመስለዋል። እዚህ ሀገር ጥንቆላ በሕግ ወንጀል ነው፤ በሳዑዲ ደግሞ የሃይማኖት ፖሊሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ጥንቆላን የሚከታተል ክፍል አቋቁሞ ነበር፣ በዚህ ክስ የተያዙ የውጭ ሀገር የቤት ሠራተኞችም ነበሩ። ስለዚህ «ቀላል ነገር ነው» ማለት አንችልም።

እስቲ አስቡት። ያቺ ትራሷ የተፈተሸው ልጅና የሸክላ ሠሪዋ እናት አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። ሁለቱም ሥራቸው ይፈለጋል፣ ራሳቸው ይፈራሉ። ሁለቱም ያበሰሉት ወይም የሠሩት ነገር ቤት ውስጥ ገብቷል፣ እነሱ ግን በቤቱ ውስጥ የተደበቀ ጠላት ናቸው። እዚህ ሆነን «ሲህር አደረገችብን» ሲሉን የሚቆጣው አፋችን፣ እዚያ ሀገር «ቡዳ ናት» ሲል የኖረ አፍ ነው። በደሉ ሲደርስብን ብቻ በደል የሚሆን ከሆነ የምንጮኸው ለእውነት ሳይሆን ለራሳችን ብቻ ነው።

«ታዲያ ምን ይሁን፣ ክፉ የሌለበት ታሪክ እንሥራ?» የምትል ትኖራለች። አይደለም። ክፉ የሌለበት ታሪክ አይጣፍጥም፣ እውነትም አይደለም። ሴራ በዓለም ላይ አለ። የለም የምትል ካለች ስለ ደላሎች እንጠይቃት። ነገሩ ግን እውነተኛ ሴራ ምን እንደሚመስል ማወቅ ነው።

በታሪክ ትምህርት ያየነውን አንድ ሴራ ላንሳ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሱ። ግርማሜ አሜሪካ የተማረ ሰው ነው። ወላይታ ላይ አስተዳዳሪ ሳለ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ለመስጠት ሞከረ፤ ባለመሬቶቹ ከሰሱት፣ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። ማለትም ሰውየው ከሰማይ የወረደ ክፉ አልነበረም፤ በግልጽ ሊሠራ የፈለገው በር ሲዘጋበት በስውር የመጣ ሰው ነው። ግን ደግሞ ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ መኳንንትና ባለሥልጣናት ተረሸኑ። ግርማሜ ሞተ፣ ጄኔራሉ ተይዘው በዚያው ዓመት ተሰቀሉ። ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ስድስት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። እንግዲህ ይህን ሰው ክፉ ነው ወይስ ደግ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ምክንያቱ የሚገባኝ፣ ያ የመጨረሻው ሥራው ግን የሚዘገንነኝ ሰው ነው እላለሁ። ሁለቱን ነጥሎ መያዝ ይቻላል። ምክንያቱን መረዳት ሥራውን መማር አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ የእኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መንግሥታችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ ሀገር መሄድን ሲከለክል ጉዞው አልቆመም፤ ይልቁንም ብዙው በደላላ እጅ ገባ። የደላላ ሥራ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንዱ ሰፈር ውስጥ ያለ ዘመድ ስልክ ይሰጣል፣ ትንሽ ብር ይቀበላል። አንዱ ፎቶ ያነሳል። አንዱ ዕድሜ ያስተካክላል። አንዱ መኪና ይነዳል። አንዱ በዚህ በኩል ተቀብሎ ለቤት ይሰጣል። እያንዳንዱን ይዘሽ ብትጠይቂው «እኔ ምን አደረግኩ? ስልክ ብቻ ነው የሰጠሁት» ይላል፣ ውሸቱንም ላይሆን ይችላል። ከላይ ሆኖ ሁሉን የሚያዝ ጭራቅ የለም። ትንሽ ትንሽ የሚጠቀሙ ብዙ እጆች ናቸው። ልጅቷ ግን ተሸጣለች።

እኔ ያገኘሁት ልዩነት ይህ ነው፦ እውነተኛ ሴራ ደረሰኝ አለው። ብር ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዷል፣ ወረቀት ተፈርሟል፣ ቀን አለው፣ ያየ ሰው አለ። ተጠይቆ ሊታወቅ ይችላል፤ ሐሰት ከሆነም ሐሰትነቱ ሊታወቅ ይችላል። አሉባልታ ግን ደረሰኝ የለውም፤ ማስረጃ ሲጠፋ «አየሽ፣ እንዴት አድርገው እንደደበቁት!» ይላል። ደረሰኝ የሌለውን ትልቅ ሴራ ስናሳድድ ደረሰኝ ያለው ትንሹ በጎናችን ያልፋል። ደላላውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ስለ ዓለም ገዢዎች እስከ እኩለ ሌሊት ብናወራ ምን ቸገረው?

ስለዚሁ ጨዋታ የደረሰ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይህ ጨዋታ የሰይጣን ሥራ ነው፣ ልጆችን በምስጢር ይመለምላል የሚል ወሬ ተነሳ። ወሬውን ካስፋፉት መካከል ልጇ ራሱን ያጠፋባት አንዲት እናት ነበረች፤ በ1983 ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር አቋቋመች። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ጨዋታው ልጆችን ለሞት እንደሚዳርግ ማስረጃ አላገኙም። ስለ ሴራ የሚወራበት ጨዋታ ራሱ በሴራ ተከሰሰ ማለት ነው። እኔ ግን በዚያች እናት ላይ መሳቅ አልችልም። ልጁ የሞተባት ሰው ከሞቱ በስተጀርባ እጅ ብታገኝ ይሻላታል። እጅ ከሌለ ጥያቄው ወደ ራሷ ይመለሳላ! «ለምን አላየሁም?» ይመጣል። ከዓረብ ሀገር ሬሳ በሳጥን ሲመጣ አይታ የምታውቅ ሁሉ ይህን ታውቃለች። ሐዘን ስም ይፈልጋል። ለዚህ ነው ስም መስጠት ላይ መጠንቀቅ ያለብን፤ ያዘነ ሰው የተሰጠውን ስም አይመረምርም።

ሌላም የምትለኝ አለች፦ «አይ አንቺ፣ አበዛሽው። ስድስት ቀን ሙሉ ቆሜ ውዬ በሰባተኛው ቀን ለጭራቅ ማዘን አለብኝ? አንድ ቀን እንኳን ሳላስብ ጭራቅ ልግደል።» ይህቺ ልጅ እውነት አላት፣ አላሸንፋትም። የደከመ ሰው ቀላል ጠላት ያምረዋል። ስለዚህ እኛም በጨዋታችን ውስጥ ዘንዶ አስገባን። ዘንዶ ዘንዶ ነው፤ የዘንዶ ዘመድ ገበያ ውስጥ ሸክላ አይሸጥም፣ የዘንዶ ልጅ ትምህርት ቤት አይሰደብም። ጅብም ካስፈለገ ጅብ ራሱ ይሁን፣ ጉትቻ የሌለው። መከልከል ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በእውን በሚኖሩ፣ ነገ መንገድ ላይ በምናገኛቸው ሰዎች ፊት ላይ የዘንዶን ጭንብል ማድረግ።

ከዚህ ሁሉ ክርክር በኋላ ለሴራችን ሦስት ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ ክፉ የሚያሰኘው ሥራው ይሁን፣ ዘሩ ወይም እጀ ሥራው ወይም ሃይማኖቱ አይሁን። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ምስጢር መሪዋ ቢያንስ ሦስት ፍንጭ ታስቀምጥ፤ ተጫዋቾቹ በግምት ማንንም ሰው እንዳይዙ፣ ንጹሕ ሰው ከተጠረጠረም ነጻ የሚወጣበት መንገድ እንዲኖር። ሦስተኛ፣ ሴራው ብዙ እጅ ይኑረው፤ ከእጆቹ አንዱ ደግሞ የእኛ ይሁን።

በዚህ መሠረት ስሞቹን የሚሰበስበው አንድ የወደብ መዝገብ ያዥ ሆነ። ድሮ ተላላፊ በሽታ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ ማንም ሳይታወስ እንዳይቀር ብሎ የሟቾችን ስም መጻፍ ጀመረ። ደግ ሥራ ነበር። ቆይቶ ስሙ በእጁ ያለ ሰው እንደሚታዘዝለት አወቀ፣ የሕያዋንንም መጻፍ ቀጠለ። ስሞቹ በትናንሽ ማሰሮ ታሽገው፣ ማሰሮዎቹ ቁጥር ብቻ ባለው ሳጥን ተጭነው በመርከብ ይሄዳሉ። ሳጥኑን የሚሸከመው ወዛደር ምን እንዳለበት አያውቅም፤ በረኛው አይጠይቅም፤ ነጋዴው ኪራዩን ይቀበላል። በመጀመሪያው ቀን ጨዋታ ተጫዋቾቹ ለዕለት ጉርሳቸው አንድ ሳጥን ከመርከብ ያወርዳሉ። ምን እንደተሸከሙ የሚያውቁት ወር ካለፈ በኋላ ነው።

እናቷ ሸክላ የምትሠራው ልጅ በጨዋታው ውስጥ ሸክላ ሠሪ ሆነች። እሷው ራሷ ናት የመረጠችው። ማሰሮ በመዶሻ ከተሰበረ ውስጡ ያለው ስም አብሮ ይሰበራል፤ እንዴት እንደተሠራ የምታውቅ ብቻ ናት ሳትሰብር የምትከፍተው። ስለ ጭቃው፣ ስለ ማድረቁ፣ በእበትና በእንጨት ስለሚተኮስበት ሰዓት ስትነግረን ሁላችንም ዝም ብለን ሰማን፤ ስልክ ውስጥ ያለችውም ሳትቀር። ከእኛ አንዷም ይህን አናውቅም ነበር፣ ሁላችንም ግን በምጣድ ጋግረን ነው ያደግነው።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። መዝገብ ያዡ መጨረሻ ላይ ሲያዝ ምን ይደረግ? ሁለቱ ይሙት ይላሉ፤ ፀሐይን ሊያጠፋ የነበረ ሰው እንዴት ይኖራል? አንዷ ሽማግሌ ይግባበት፣ ይካስ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ ራሱ እየዞረ ይመልስ ትላለች። ስልክ ውስጥ ያለችው ደግሞ «እኛስ? ሳጥኑን የተሸከምነው እኛስ ማን ይፈርድብናል?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። ለዳይስም አልተውነውም፤ ይሄ በዳይስ የሚወሰን አይደለም።

እናንተም ጋ አንድ ሉዶ ዳይስና ደብተር አይጠፋም። ስትሞክሩት ክፉውን ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህን ታሪክ እሷ ራሷ ወይም እናቷ አጠገባችን ቁጭ ብላ ብትሰማው፣ ጨርሰን ማውራት እንችላለን? ከቻላችሁ ሀገር ስጡና ጀምሩ።